የብስክሌት ጫማ ከመግዛትህ በፊት ወርደህ ምን ያህል እንደምትራመድ አስብ

ሰላም ወንድሜ። ሌላም ሰው እንዲጠቀምበት ጥያቄህን ባጭሩ ላስቀምጠው። በሥራ ቀናት ብስክሌትህን ለመመላለሻ ትጠቀማለህ። ቅዳሜ ከጓደኞችህ ጋር አስፋልት ላይ 60 እና 70 ኪሎ ሜትር ትነዳለህ። አንዳንዴም ኮረኮንች ትገባለህ። ፔዳልህ ተራው ጠፍጣፋ ነው፤ የምታደርገውም ስኒከር ነው። ጓደኞችህ "ሶሉ ካርቦን የሆነ የውድድር ጫማ ግዛ፣ ሌላው ብር ማባከን ነው" ብለውሃል። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ነው ያልከው።

መልሱን ላስቀድም። እሱን ጫማ አትግዛ፤ ቢያንስ ለአሁኑ። ላንተ የሚሆነው ከሥሩ ክሊት በሁለት ብሎን የሚታሰርበት፣ ክሊቱ ጎማው ሶል ውስጥ ገባ ብሎ የሚቀመጥ፣ ጥንካሬው መካከለኛ የሆነ ጫማ ነው። ክሊት የምለው ጫማው ሥር የምትታሰረዋንና ፔዳሉ ላይ ቀጭ ብላ የምትገባዋን ቁራጭ ነው። እንዲህ ያለ አንድ ጫማ ሦስቱንም ሥራህን ይሸፍንልሃል።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገርህ። እኔ የጀመርኩት ጓደኞችህ በመከሩህ ዓይነት ጫማ ነው። ነጭ ነበር፤ እጄ ላይ ሳነሳው ምንም የያዝኩ አይመስለኝም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በጣም ወደድኩት። ከዚያ አንድ ቀን ከቤት ርቄ ጎማዬ ተነፈሰ። መለጠፊያም ትርፍ የውስጥ ጎማም አልያዝኩም። አራት ኪሎ ሜትር ያህል ብስክሌቱን እየገፋሁ በእግሬ ተመለስኩ። የዚህ ዓይነቱ ጫማ ክሊት ትልቅ ፕላስቲክ ነው፤ ከሶሉ በታች ወጣ ብሎ ይቀመጣል። ስትራመድ ጣቶችህ ወደ ላይ፣ ተረከዝህ ወደ ታች ይሆናል። እያንዳንዱ እርምጃ አስፋልቱን ይፍቃል። ማታ ጫማዬን ገልብጬ ሳየው፣ ክሊቱ ጥግ ጥጉ ላይ የነበሩት ቢጫ ላስቲኮች ተበልተው አልቀዋል፤ የፊተኛው ከንፈርም ሳስቷል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳገት ላይ ብድግ ብዬ ስረግጥ ቀኝ እግሬ ከፔዳሉ ተመንጭቆ ወጣ። ሳልወድቅ ተረፍኩ፤ ጉልበቴ ግን ከመሪው ጋር ተጋጭቶ ለቀናት አበጠ።

ጫማው መጥፎ ሆኖ አይደለም። የተሠራው ለማይራመድ ሰው ስለሆነ ነው። ነገሩ እንዲገባህ አመጣጡን ማወቅ ይጠቅማል። ድሮ ተወዳዳሪዎች እግራቸውን ፔዳሉ ላይ ባለ የብረት ቀፎና በቆዳ ጠፍር ያስሩ ነበር። ለመውረድ ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን በእጅ ማላላት ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የበረዶ ሸርተቴ ጫማ ከሸርተቴው ጋር የሚያያዝበትን ዘዴ ወደ ብስክሌት ፔዳል አመጣው። በዓመቱ፣ በ1985፣ ፈረንሳዊው ተወዳዳሪ በርናር ኢኖ በዚያ ፔዳል ትልቁን የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን፣ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ የአስፋልት ተወዳዳሪዎች በሙሉ ወደዚያው ዞሩ። የዛሬዎቹ ባለ ሦስት ብሎን ክሊቶች የዚያ ልጆች ናቸው። ተወዳዳሪ ደግሞ ከኮርቻው የሚወርደው ውድድሩ ሲያልቅ ነው።

የተራራ ብስክሌት ነጂ ግን እንደዚያ መሆን አይችልም። ድንጋይ ሲበዛበት ይወርዳል፣ ጭቃ ውስጥ ይገፋል፣ አንዳንዴም ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ይሮጣል። የጃፓኑ ኩባንያ ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1990 ኤስፒዲ የሚባለውን የፔዳልና የክሊት ዓይነት ያወጣው ለእሱ ነው። ክሊቷ ትንሽ ብረት ናት። በሁለት ብሎን ትታሰራለች፤ ዙሪያዋን ያለው ጎማ ስለሚበልጣት ስትራመድ መሬቱን የሚነካው በአብዛኛው ጎማው ነው። ብዙዎቹ ፔዳሎችም ከሁለቱም ወገን ይቀበላሉ፤ መብራት ላይ ቆመህ ስትነሳ ፔዳሉን በእግርህ እያገላበጥክ አትፈልግም። በየመስቀለኛ መንገዱ ለሚቆም ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ስለዚህ ከማርካና ከቀለም በፊት ራስህን የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከብስክሌቱ ወርጄ ምን ያህል እራመዳለሁ? አንተ የቢሮ ደረጃ ትወጣለህ። ለስላሳ ሴራሚክ ላይ ትሄዳለህ። ኮረኮንች ላይ ወርደህ ትገፋለህ። በባለ ሦስት ብሎን ጫማ ሴራሚክ ላይ መሄድ በረዶ ላይ እንደመሄድ ነው፤ በተለይ ዝናብ ከነካው። እኔ ደረጃ ላይ አንሸራቶኝ በክርኔ አርፌያለሁ።

ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር አረጋግጥ። ባለ ሁለት ብሎን ጫማ ባለ ሦስት ብሎን ክሊት አይቀበልም፤ የዚህም ተቃራኒ እንደዚያው ነው። ሁለቱንም ቀዳዳ የያዙ ጫማዎች አሉ፤ ግን ሶላቸው ለሁለት ብሎን ተብሎ ስላልተሠራ ትንሿ ክሊት ወጣ ብላ ትቀራለች፤ መራመዱም ያው ችግር ይሆናል። ፔዳሉና ክሊቱ ደግሞ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። የሉክ ክሊት ሺማኖ ፔዳል ላይ አይገባም። ጫማ፣ ክሊት፣ ፔዳል፤ ሦስቱን አንድ ላይ አስባቸው። ክሊቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከፔዳሉ ጋር እንጂ ከጫማው ጋር አይደለም።

አሁን ወደ ካርቦኑ ልምጣ። ሶል ለምን ጠንካራ ይሆናል? ስኒከር ስትረግጥበት ፔዳሉ ላይ ይታጠፋል፤ ለስላሳ ተረከዙም ለሩጫ እንጂ ለፔዳል አልተሠራም። ረጅም መንገድ ላይ የፔዳሉ ቅርጽ ውስጠ እግርህ ላይ ታትሞ ይሰማሃል። ጠንካራ ሶል ያንን ጫና ሰፋ አድርጎ ያከፋፍለዋል። እስከዚህ ድረስ ጓደኞችህ ልክ ናቸው። ግን ጥንካሬ በጨመረ ቁጥር ምቾት ይጨምራል ማለት አይደለም። በጣም ደረቅ ሶል የመንገዱን ንዝረት ሁሉ ወደ እግርህ ይልከዋል። ስትራመድበትም ስለማይታጠፍ ተረከዝህ ከጫማው እየወጣ ይገባል። የውድድር መጨረሻ ላይ ለሚፈተለክ ሰው ካርቦን ትርጉም አለው። ለ70 ኪሎ ሜትር የቅዳሜ ጉዞ ጥሩ ናይለን፣ ወይም ፋይበር የተቀላቀለበት ናይለን ይበቃል። ዛሬ ካርቦኑም ናይለኑም ቤቴ አሉ። ረጅም መንገድ ስወጣ የማነሳው ናይለኑን ነው።

"ክሊት ካለህ ፔዳሉን ወደ ላይ እየጎተትክ ኃይል ታገኛለህ" የሚባለውንም ሰምተህ ይሆናል። ብዙ አትመነው። በረጋ ፍጥነት ስንነዳ አብዛኞቻችን የምንሠራው እግራችንን ወደ ታች ስንጫን ነው። የክሊት ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፦ እግርህ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቀመጣል። በፍጥነት ስታሽከረክርም ሆነ ኮረኮንቹ ሲያንገጫግጭህ አያመልጥህም።

ይህን ካልኩ ዘንድ ለጠፍጣፋ ፔዳል የሚሆን ጫማም እንዳለ ልንገርህ። እግር ፔዳል ላይ መያያዙ የሚያስፈራህ ከሆነ በጣም ጥሩ ምርጫ ነው። ሶሉ ሜዳ ነው፤ ጎማው ለስላሳና የሚይዝ ነው። ፔዳሉ ደግሞ ሰፊ ሆኖ ትንንሽ የብረት ጥርሶች አሉት፤ ጎማው ውስጥ ይነክሳሉ። ከተራራ ቁልቁል የሚወርዱ ብዙ ጎበዞች የሚነዱት በዚህ ነው፤ መውደቅ ሲመጣ እግራቸውን ባንዴ ያወጣሉ። አንድ ነገር ብቻ፦ ጥርሱ ካመለጠህ ቅልጥምህን ይልጥሃል። እኔ እስከ ዛሬ ጠባሳው አለኝ።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። ኮረኮንች የሚያበዛ ሰው ያው ባለ ሁለት ብሎኑን ይግዛ፤ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ጣቱ ፊት ለፊት ከድንጋይ የሚከላከል ጠንካራ ጎማ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። የሦስትዮሽ ውድድር (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ) ጫማ ከኋላው መጎተቻ ቀለበት፣ ከላይ አንድ ሁለት ሰፊ ቬልክሮ አለው። ከውኃ ወጥቶ ቶሎ ለመልበስ እንጂ ለሌላ አይደለም። ጂም ውስጥ ያሉት የማይንቀሳቀሱ ብስክሌቶች ብዙዎቹ ባንድ ወገናቸው ኤስፒዲ ይቀበላሉ፤ የምትሄድበት ጂም ግን የትኛው እንዳለው ፔዳሉን ገልብጠህ እይ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሰጥተህ እንድታየው የምለምንህ ልኩን ነው። ውድ ጫማ በማይሆን ቁጥር ከመግዛት ርካሽ ጫማ በልክ መግዛት ይሻላል። እግር ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ያብጣል፤ ስትነዳም ያብጣል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሂድና ለካ፤ የምትነዳበትን ካልሲ ይዘህ ሂድ። ከዚያ በፊት ቤትህ ወረቀት መሬት ላይ አንጥፈህ ቁምበት። እርሳሱን ቀጥ አድርገህ በእግርህ ዙሪያ ስመር። ከተረከዝህ እስከ ረጅሙ ጣትህ በሚሊሜትር ለካ። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፤ የእኔ ሁለተኛው ጣት ይበልጣል። ስፋቱንም ለካ። ሁለቱንም እግር ለካ፤ ከተለያዩ በትልቁ ግዛ። "ቁጥሬ 42 ነው" ብሎ መሄድ አይበቃም፤ የአንዱ ኩባንያ 42 የሌላው 43 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ርዝመቱን በሚሊሜትር የያዘ ሰው አይታለልም።

ጫማው እግርህ ላይ ሲገባ ተረከዝህ ተይዞ፣ መሐሉ ታቅፎ፣ ጣቶችህ ግን ነፃ ሆነው መንቀሳቀስ አለባቸው። ጣትህ ጫፉን ከነካ ተወው። "ሲለበስ ይሰፋል" ቢሉህ አትስማ። የቆዳ ፊት ትንሽ ይለቃል፤ ሶሉ ግን አይረዝምም። ስትፈትሸው ደግሞ በመራመድ ብቻ አትፍረድ። ሶሉ ደረቅ ስለሆነ ስትራመድ ተረከዝህ ትንሽ ብድግ ማለቱ ያለ ነው። ይልቅ ግድግዳ ተደግፈህ በእግርህ ፊተኛ ክፍል ደረጃ ጫፍ ላይ ቁምና ክብደትህን ጣልበት። እግርህ ወደ ፊት ተንሸራቶ ጣትህ ከተጨነቀ ልኩ አይደለም። እግርህ ውስጥ ሆኖ አንድ አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀመጥ። መጥፎ ጫማ በሁለት ደቂቃ አይናገርም።

የመጀመሪያ ጫማዬ ጠባብ ነበር። 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን ትንሿ ጣቴ ትደነዝዛለች፤ ቀጥሎ ከጣቶቼ ግርጌ እሳት የተያያዘ ያህል ያቃጥለኛል። ሶሉ ነው ብዬ የውስጥ ንጣፍ ቀየርኩ። ንጣፉ ወፈር ያለ ስለነበር ይባስ አጠበበው። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ነጂ ከጎኔ ሆነው አዩኝና "ልጄ፣ የታችኛውን ማሰሪያ ለቀቅ አድርገው፤ የላይኛውን ብቻ አጥብቅ" አሉኝ። እየነዳሁ ጎንበስ ብዬ ለቀቅኩት። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ጣቴ ተመለሰ። ጣት አካባቢ ያለው ማሰሪያ እግሩን እንዲያንቀው አያስፈልግም፤ እግሩን የሚይዘው ከላይ ያለው ነው። የታችኛው ላልቶም ከደነዘዘህ ጫማው ጠቧል ማለት ነው፤ መፍትሔው ሰፊ ልክ እንጂ ትልቅ ቁጥር አይደለም። ትልቅ ቁጥር ስትገዛ ርዝመቱ ይተርፍና ተረከዝህ ይዋኛል።

ስለ ማሰሪያ ካነሳን፦ ክር እግሩን እኩል ያቅፋል፤ ግን እየነዳህ ልታስተካክለው አትችልም። ጫፉንም ሰንሰለት እንዳይበላው ውስጥ ክተተው። ቬልክሮ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ጭቃና ዕድሜ ያዳክመዋል። ቦአ የሚባለው፣ ሲያዞሩት ቀጭን ሽቦ እየሳበ ጫማውን የሚያጠብቀው ቁልፍ ለእኔ ምርጡ ነው። በአንድ እጅ ጥቂት ቀጭታ ታዞራለህ፤ በቃ። ሁለት ቁልፍ ያለውን ካገኘህ የላይና የታቹን ለየብቻ ታስተካክላለህ።

ጫማው ተገዛ እንበል። ሥራው ገና ነው፤ ጉልበትህን የሚያድነውም የሚጎዳውም የክሊቱ አቀማመጥ ነው። ጫማውን አድርገህ ከአውራ ጣትህ ግርጌ ያለውን ጉብ ያለ አጥንት በጣትህ ዳስስ፤ ከጫማው ውጭ ምልክት አድርግ። በትንሿ ጣት በኩልም እንዲሁ። ክሊቱን በእነዚህ ሁለት ምልክቶች መሐል አስቀምጠው። ከተጠራጠርክ ወደ ኋላ ማድረግ ይሻላል፤ ረጅም መንገድ ላይ ባትህን ያሳርፈዋል። አቅጣጫውን ለማወቅ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥና እግርህን አንጠልጥል። ጣትህ ወደ ውጭ የሚያይ ከሆነ ተፈጥሮህ ነው፤ በግድ ቀጥ አታድርገው። እኔ "ቀጥ ማለት አለበት" ብዬ ሁለት ወር የጉልበቴን ውጫዊ ጎን አሳመምኩት።

ክሊቶች እግር ወደ ግራና ቀኝ ትንሽ እንዲንቀሳቀስ ይፈቅዳሉ። አንድ ቀን ባለ ሦስት ብሎን ብትገዛ ቀለሙን እወቅ። በሺማኖ ቀዩ ምንም አያንቀሳቅስም፣ ሰማያዊው 2 ዲግሪ፣ ቢጫው 6 ዲግሪ ይፈቅዳል። ኪዮ በሚባለው የሉክ ክሊት ግን ጥቁሩ ነው የማይንቀሳቀሰው፤ ግራጫው 4.5፣ ቀዩ 9 ዲግሪ ይሰጣል። ቀይ ለሁለቱም አንድ አይደለም፤ በዚህ የሚሳሳት ብዙ ሰው አይቻለሁ። በኤስፒዲ ለአንተ የምመክርህ ኤስኤች 56 የሚባለውን ክሊት ነው። ኤስኤች 51 የሚለቅህ ተረከዝህን ወደ ጎን ስታዞር ብቻ ነው። 56 ግን በብዙ አቅጣጫ ይለቃል፤ ለጀማሪ ይራራል። ክሊቱን የሚይዘውን የፔዳሉን ሞላም መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አላላው።

ብሎኖቹን ትንሽ ግሪስ ቀብተህ በ4 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ እሰራቸው፤ ኃይል መለኪያ ያለው ቁልፍ ካለህ 5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ከዚያ በማርከር የክሊቱን ዙሪያ ስመር። ከሁለት ከሦስት ጉዞ በኋላ እንደገና አጥብቅ። ይህን ችላ ብዬ አንዱ ብሎን መንገድ ላይ ወደቀብኝ። መብራት ላይ ስደርስ ተረከዜን ወደ ውጭ አዞርኩ። ጫማው ዞረ፤ ክሊቷ ግን ፔዳሉ ላይ ቀረች። አንድ ብሎን ብቻ ሲይዛት ዝም ብላ ትዞራለች እንጂ አትለቅም። መኪናዎቹ መሐል በጎኔ ወደቅኩ። እግዚአብሔር ይመስገን የኋላዬ ሾፌር ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ብሎኖቹን እነካካቸዋለሁ።

ልምምዱን ከመንገድ ውጭ ጀምር። አጥር ተደግፈህ እያንዳንዱን እግር ሃያ ሠላሳ ጊዜ አስገባ፣ አውጣ። ከዚያ ባዶ ሜዳ ላይ። የሚጥለው ነገር አለመቻል ሳይሆን መዘግየት ነው፤ ስትቆም ሳይሆን ልትቆም ስታስብ አንዱን እግር አውጣ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እግር ይሁን።

ጫማው ከረጠበ የውስጥ ንጣፉን አውጥተህ ጋዜጣ ሙላበት፤ ጋዜጣውን ሲርስ ቀይር። ማሞቂያ ሥር ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ አታድርገው፤ ሙጫው ይለቃል።

ፔዳሉን ራስህ ከቀየርክ ደግሞ የግራው ፔዳል የብሎን ጥርስ የተገላቢጦሽ መሆኑን አትርሳ። ለሁለቱም የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው፦ ቁልፉን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲቆም አድርገህ ያዘው፤ ጫፉን ወደ ኋላ ጎማ ስትስበው ይፈታል፣ ወደ ፊት ጎማ ስትገፋው ይጠብቃል። አዲሱን በቁልፍ አትጀምረው። ግሪስ ቀብተህ በጣትህ ብቻ ጥቂት ዙር አስገባው፤ በጣት እምቢ ካለ ወይ ተንጋዷል ወይ የግራና የቀኙን አቀያይረሃል። አውጥተህ እየው።